ጎንደር ላይ የዳቦ ቤት ናፍጣ በርነር ለምን ይጨሳል? እንዴትስ ይያዛል?

መጋገሪያው ለመሞቅ ይዘገያል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ናፍጣው ግን ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ ያልቃል። ጎንደር ውስጥ በናፍጣ በርነር (ናፍጣን ከአየር ጋር ረጭቶ በሚያነድ መሣሪያ) ዳቦ ከሚጋግሩ ሰዎች ደጋግሞ የሚሰማው ችግር ይኸው ነው። የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል፦ ናፍጣውን የሚረጨውን ጫፍ፣ ማለትም ኖዝሉን፣ በትልቅ ቁጥር መቀየር ወይም የፓምፑን ግፊት ማጥበቅ። ሁለቱም ናፍጣ ይጨምራሉ። የጎደለው ግን ናፍጣ ሳይሆን አየር ነው። ናፍጣ በተጨመረ ቁጥር ሳይቃጠል የሚቀረው ይበዛል፤ ጥቀርሻው የእሳት ክፍሉን ግድግዳ ይለብሳል፤ ጥቀርሻ ደግሞ ሙቀት ወደ መጋገሪያው እንዳያልፍ ያግዳል። መጋገሪያው ከበፊቱም ይዘገያል፣ ባለቤቱም እንደገና ናፍጣ ይጨምራል።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ባለ አንድ ኖዝል ለሆኑ፣ በሰዓት ከ3 እስከ 12 ሊትር ገደማ ለሚያቃጥሉ ትንንሽ በርነሮች ነው። ሪየሎ፣ ባልቱር፣ ኢኮፍላም የመሳሰሉ ስሞች የተጻፈባቸው የጣሊያን በርነሮች በአውሮፓ በመኖሪያ ቤት ማሞቂያ ላይ የሚገጠሙት ናቸው። በእንግዳ ማረፊያ የውሃ ቦይለር ላይ ያለውም በአሠራሩ አይለይም፤ ስለዚህ ለእሱም ይሠራል።

ከፍታው የሚያመጣው ለውጥ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከ80 በመቶ በታች ነው። የበርነሩ ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በሊትር ሲለካ የትም ቢሆን ያው ነው፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን እዚህ በአንድ አምስተኛ፣ እንዲያውም በትንሹ ከዚያ በበለጠ ያንሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል በባሕር ጠለል ላይ 10 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይበቃዋል። ጎንደር ላይ 13 ሜትር ኩብ ያህል ይፈልጋል፤ ለጥንቃቄ ከሚያስፈልገው ትርፍ አየር ጋር ደግሞ ወደ 16 ይጠጋል።

በርነሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ የሚናገረው በዝቅተኛ ቦታ ስለሚያቃጥለው ልክ ነው። ሰሌዳው በሰዓት እስከ 5 ሊትር የሚል ከሆነ ጎንደር ላይ ጥርት ብሎ የሚነደው 4 ሊትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ስለሚሰጥ፣ 50 ኪሎዋት ተብሎ የተገዛው በርነር እዚህ የ40 ኪሎዋት በርነር ነው ማለት ነው። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ለሻጩ ንገሩት። መጋገሪያው 60 ኪሎዋት የሚፈልግ ከሆነ ቢያንስ እስከ 77 ኪሎዋት የሚደርስ በርነር ነው መግዛት ያለባችሁ። አንሶ የተገዛን በርነር በኖዝል ማሳደግ አይቻልም፤ ፋኑ አይችለውም።

የኖዝሉ ቁጥር እንዴት ይነበባል? ጎኑ ላይ ለምሳሌ 1.00 እና 60° ተብሎ ከአንድ ፊደል ጋር ተቀርጾ ይገኛል። 1.00 ማለት በ7 ባር ግፊት በሰዓት አንድ የአሜሪካ ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ያህል ይረጫል ማለት ነው። የአብዛኞቹ በርነሮች ፓምፕ የሚስተካከለው ግን ከ10 እስከ 12 ባር ስለሆነ ያው ኖዝል በ10 ባር 4.5 ሊትር፣ በ12 ባር ደግሞ 5 ሊትር ገደማ ያወጣል። 60° የመርጫው ስፋት ነው፤ ረጅምና ጠባብ የእሳት ክፍል 45° ወይም 60°፣ አጭርና ሰፊው ደግሞ 80° ይስማማዋል። ፊደሉ ርጩ መሐሉ የሞላ ወይም ክፍት መሆኑን ይናገራል። ኖዝል ስትቀይሩ ማዕዘኑና ፊደሉ ከበርነሩ መመሪያ ጋር መግጠም አለባቸው፤ ቁጥሩ ግን ከታች እንደሚታየው ለከፍታው ሲባል ከመመሪያው ዝቅ ይላል። ቁጥሩ ብቻ ተመሳስሎ ማዕዘኑ ከሰፋ ናፍጣው የእሳት ክፍሉን ግድግዳ ይመታና ከሰል ይሆናል።

መመሪያው 1.25 የሚል ከሆነ ጎንደር ላይ 1.00 ግጠሙ። 1.00 የሚል ከሆነ 0.85 ወይም 0.75፣ 1.50 የሚል ከሆነ 1.20 ወይም 1.25። ብዙዎች ሙቀት ይቀንሳል ብለው ይፈሩታል። ሲጨስ የነበረ መጋገሪያ ግን ተጠርጎ በትንሹ ኖዝል ሲነድ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይሞቃል፤ ምክንያቱም የሚገባው ናፍጣ በሙሉ ይቃጠላል፣ ሙቀቱም በጥቀርሻ አይታገድም።

ግፊትን በተመለከተ አንድ ስሌት ልብ በሉ። ከ10 ባር ወደ 14 ባር ማጥበቅ ግፊቱን 40 በመቶ ቢጨምርም ናፍጣውን የሚጨምረው 18 በመቶ ብቻ ነው። ለዚያች ትርፍ ፓምፑና ሞተሩ ከልካቸው በላይ ይለፋሉ። ግፊት የሚነካው በመለኪያ ጌጅ ብቻ ነው፤ በጆሮና በግምት የተጠበቀ ፓምፕ ስንቱን በርነር እንዳበላሸ አልናገርም።

ዱቄትና ፋን

የአውሮፓ መመሪያዎች በዓመት አንድ ጊዜ ጥገና ይበቃል ይላሉ። እነሱ የሚያስቡት ንጹሕ ክፍል ውስጥ ያለን የቤት ማሞቂያ ነው። ዳቦ ቤት ውስጥ ግን በርነሩ የሚስበው አየር ዱቄት አለበት። ዱቄቱ ትንሽ የናፍጣ ርጥበት ካገኘ በፋኑ ክንፎች ላይ ተጣብቆ ይጋገራል፤ ክንፎቹም ጉድጓዳቸው ይሞላና አየር መግፋት ያቆማሉ። ሞተሩ እንደወትሮው ስለሚጮህ ማንም አይጠረጥርም። ሲጨሱ የቆዩ በርነሮችን ስከፍት በመጀመሪያ የማየው ፋኑን ነው፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ እዚያው ይገኛል።

የፋኑን ክንፍ አንድ በአንድ በጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ነው። በውሃ አይታጠብም፤ በላምባ ወይም በናፍጣ የረጠበ ብሩሽ ካስፈለገም ፋኑ ከሞተሩ ወጥቶ መሆን አለበት። ከክንፎቹ አንዱ ከታጠፈ ወይም ከተሰበረ ፋኑ ሚዛኑን ይስታል፣ የሞተሩንም ኩሽኔታ ይበላል። ዱቄት የሚነፋበትንና ሊጥ የሚቦካበትን ቦታ ከበርነሩ በግድግዳ መለየት ከቻላችሁ ግማሹ ችግር ይቀላል። ያ ባይቻል የበርነሩ ክፍል ወለል በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። በመጥረጊያ መጥረግ ዱቄቱን አየር ላይ ነው የሚያወጣው፤ አየር ላይ የተበተነ ዱቄት ደግሞ እሳት ይይዛል። በርነሩ አየር የሚያገኝበት የውጭ ቀዳዳም አይደፈን። ብርድ ይገባል ተብሎ በማዳበሪያ የተወተፈ መስኮት ጭስ ያመጣል፤ ጭሱም ወደ ሠራተኛው ነው የሚዞረው።

እጥበቱ

በርነሩን ከመክፈት በፊት ብሬከሩ ይጥፋ፣ የናፍጣው ቫልቭ ይዘጋ፣ መጋገሪያውም ይቀዝቅዝ። ማቀጣጠያው ትራንስፎርመር 10,000 ቮልት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያወጣ በመቆጣጠሪያው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ አትመኑ። ጓንት፣ 16 ቁልፍ፣ ለኖዝል መያዣው ሌላ ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች፣ የነሐስ ወይም ለስላሳ ብሩሽ፣ ንጹሕ ክር የማይተው ጨርቅና ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጣሳ ያስፈልጋል። ማስመሪያም አይረሳ።

የበርነሩ አፍ ሲወጣ ዲስኩ (አየሩን የሚያሽከረክረው ክብ ብረት)፣ ኖዝሉና ብልጭታ የሚሰጡት ኤሌክትሮዶች አንድ ላይ ይታያሉ። አንዳችም ሳትፈቱ በፊት ርቀታቸውን ለኩ፣ በስልክም ፎቶ አንሡ። ኖዝሉ ከዲስኩ ምን ያህል ወደኋላ እንዳለ፣ የኤሌክትሮዶቹ ጫፎች ከኖዝሉ ምን ያህል ወደፊትና ወደላይ እንደሆኑ መመሪያው ይናገራል። መመሪያ ከሌለ የነበረውን ልክ መመለስ ነው። በሁለቱ ኤሌክትሮዶች ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሚ.ሜ ነው። ከዚያ ከሰፋ ብልጭታው ይደክማል፤ ከጠበበ ደግሞ ብልጭታው አጥሮ ናፍጣው ጋ አይደርስም። ጫፎቹ የናፍጣውን ርጭት መንካት የለባቸውም፤ ከነኩ ከሰል ያበቅላሉ። ኤሌክትሮዶቹን የያዘው ነጭ ሸክላ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ካለ ማጽዳት ከንቱ ነው፤ ብልጭታው በስንጥቁ ሾልኮ ብረት ላይ ይወጣል። መቀየር ብቻ ነው።

ኖዝሉ ሲፈታ መያዣው በአንድ ቁልፍ ይያዝ፣ ኖዝሉ በ16 ቁልፍ ይዙር። መያዣው ሳይያዝ የተጠመዘዘ ቧንቧ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ርጩ መሐል ለመሐል አይወጣም። ኖዝልን በመርፌ፣ በሽቦ ወይም በብሩሽ ማጽዳት ክልክል ነው። ቀዳዳው በጣም በረቀቀ መንገድ የተበሳ ስለሆነ ዓይን የማያየው ጭረት እንኳ ርጩን ያጣምመዋል። አንዱ ጎን ጠቁሮ ሌላው ነጭ የሆነ ነበልባል ካያችሁ አንድ ሰው ኖዝሉን ፈትጎታል ብላችሁ ጠርጥሩ። በኋላው ያለችው ትንሽ ወንፊት በናፍጣ ብትታጠብ ግድ የለም፤ ኖዝሉ ራሱ ግን ሲያረጅ ይጣላል። የቤት ማሞቂያ ኖዝል በየዓመቱ ይቀየራል፤ በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ ዳቦ ቤት ግን በወር 300 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ከ4 እስከ 6 ወር ሲሆነው መቀየር ይገባል። አዲሱን ከማሸጊያው ስታወጡ ፊቱን በጣት አትንኩ። በእጅ እስኪቆም ካሰራችሁ በኋላ በቁልፍ ሩብ ዙር ገደማ ይበቃዋል።

ዲስኩ ላይ ያለው ከሰል በናፍጣ ርሶ በብሩሽ ይለቃል። ቀጫጭን ክፍተቶቹ አየሩን የሚያሽከረክሩ ስለሆኑ በካቻቪቴ አትቆርቁሯቸው። የእሳቱን ብርሃን የሚያየው ፎቶሴል ከቦታው ተስቦ ይወጣል፤ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋል፤ አቅጣጫውን ሳይስት ይመለሳል።

ፓምፑ ላይ ክዳኑን ስትፈቱ ወንፊቱ ይገኛል። በንጹሕ ናፍጣ ታጥቦ ይመለሳል፤ ጓርኒሲዮኑ ወይም ኦሪንጉ ግን አዲስ ቢሆን ይመረጣል። አሮጌው ኦሪንግ ናፍጣ ባያንጠባጥብ እንኳ አየር ያስገባል። በሞተሩና በፓምፑ መካከል ያለችውን የፕላስቲክ ካፕሊንግም እዩዋት። ጥርሷ ካለቀ ሞተሩ እየዞረ ፓምፑ ይቆማል። ርካሽ ዕቃ ናት፤ አንድ ትርፍ ይኑራችሁ። ትርፍ ኖዝልና አንድ ጥንድ ኤሌክትሮድም እንዲሁ፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዳቦ ቤት መዝጋት አያስፈልግም።

የፓምፑ ባይፓስ ብሎን፣ ማለትም ትርፉ ናፍጣ በመመለሻ ቧንቧ ወደ ጋኑ እንዲሄድ የምታደርገው ትንሽ ብሎን፣ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር ናት። ከጋኑ አንድ ቧንቧ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ማለትም መመለሻ ከሌለ፣ ይህች ብሎን መውጣት አለባት። መመለሻ ቧንቧ ካለ ግን ትገባለች። ብሎኗ ገብታ መመለሻው ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ አጥቶ የፓምፑን የዘንግ ማኅተም ይቀድደዋል፤ አዲስ ፓምፕ ገጥመው በዚያው ቀን ናፍጣ የሚያፈሱት በዚህ ነው።

አየሩን ማስተካከል

ሁሉም ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ በፓምፑ ላይ ግፊት ወደሚለካበት ቀዳዳ ጌጁን እሰሩ፤ አየር እስኪወጣም ናፍጣውን አስተንፍሱ። በርነሩን አስነሥታችሁ ግፊቱን በመመሪያው ልክ አድርጉ። ከዚያ የአየር በሩን ሰፋ አድርጋችሁ ክፈቱና መጋገሪያው እስኪሞቅ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ቀዝቃዛ እሳት ክፍል ላይ የተስተካከለ አየር ሲሞቅ ይሳሳታል።

የጭስ ማውጫውን ጫፍ የሚያይ ሰው ውጭ ይቁም። አየሩን በትንሽ በትንሹ ዝጉ፤ ጭስ መታየት ሲጀምር አቁሙና እስኪጠፋ መልሳችሁ ክፈቱ፣ ከዚያም ጥቂት ጨምሩ። ያቺ ጥቂት ጭማሪ ለዱቄት፣ ለነፋስና ለሞቃት ቀን መጠባበቂያ ናት። የአየር በሩ እስከ ጥግ ተከፍቶም ጭሱ ካልጠፋ፣ ፋኑም ንጹሕ ከሆነ፣ ኖዝሉ ትልቅ ነው፤ አንድ ቁጥር ዝቅ አድርጉ።

መሣሪያ ያለው ባለሙያ ካገኛችሁ በጭስ ፓምፕ የሚለካው፣ የጭሱን ጥቁረት የሚያሳየው የባካራክ ሚዛን ከ0 እስከ 9 ሲሆን የሚፈለገው 0 ወይም 1 ነው። በጋዝ መመርመሪያ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ11 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ትርፍ አየሩ በዝቶ ሙቀቱን በጭስ ማውጫው ይዞት ይወጣል።

በዓይን ሲታይ ጤነኛ ነበልባል ደማቅ ብጫ ነው፤ ጫፉ አይጨስም፣ ግድግዳም አይልስም። ጥቁር ቀይ ሆኖ ጫፉ ከጠቆረ አየር አንሶታል። ነጭ ሆኖ እያጓራ ካጠረ አየር በዝቶበታል። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከናፍጣ ሽታ ጋር ከወጣ ናፍጣው ሳይነድ እየተነነ ነው፤ ይህም የብልጭታ ድክመት፣ የተበላሸ ኖዝል ወይም ናፍጣው ውስጥ ያለ ውሃ ምልክት ነው።

ናፍጣው

በጀሪካን ወይም በበርሜል የመጣ ናፍጣ ውሃና ዝቃጭ አለው ብላችሁ ተነሡ። ቀን በሚሞቅበት፣ ሌሊት በሚቀዘቅዝበት ጎንደር ግማሽ ባዶ በርሜል ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ይላባል፤ ጠብታው ከናፍጣው ሥር ይሰበሰባል። ክረምት ላይ በክዳኑ የሚገባው ዝናብ ይጨመርበታል። ጋኑ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ያዘንብል፣ በዝቅተኛው ጎን ማፍሰሻ ይኑረው፤ ወደ በርነሩ የሚሄደው ቧንቧ ግን ከወለሉ 10 ሳ.ሜ ያህል ከፍ ብሎ ይነሣ። በየሳምንቱ ከማፍሰሻው በብርጭቆ ቅዱና አሳርፉት፤ ከሥር ጥርት ያለ ሌላ መስመር ከታየ ውሃ ነው፤ ንጹሕ ናፍጣ ብቻ እስኪወርድ አፍስሱ። ጋን ከተሞላ በኋላ በርነሩን ወዲያው አታስነሡ፤ የታወከው ዝቃጭ እስኪረጋ ጥቂት ሰዓታት ቢያልፉ ይመረጣል። ማታ ሞልቶ ጠዋት ማስነሣት ከሁሉም ይሻላል።

ጋኑ ከበርነሩ ከፍ ቢል መልካም ነው፤ ናፍጣው በራሱ ይወርዳል። ነገር ግን ከ4 ሜትር በላይ አይውጣ፤ የፓምፑ ማኅተም አይችለውም። ከበርነሩ በታች ከሆነ ደግሞ ከፍታው እንደገና ይጎዳናል፤ የአየሩ ግፊት ስለቀነሰ ፓምፑ የሚስብበት ኃይል አንሷል። ባሕር ዳርቻ ላይ 4 ሜትር የሚስብ ፓምፕ እዚህ ከ2 ሜትር ብዙ ባታሳልፉት ይሻላል። አለበለዚያ ናፍጣው ውስጥ የሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣና ፓምፑ ይጮኻል፣ እሳቱም ይቆራረጣል።

በቧንቧው መገጣጠሚያ ላይ ነጩን የቴፍሎን ቴፕ አትጠምጥሙ። ቁርጥራጩ ተገንጥሎ ፓምፑና ኖዝሉ ውስጥ ይገባል። ለናፍጣ የሚሆን የሚቀባ ማሸጊያ ወይም የመዳብ ሮንዴላ ተጠቀሙ። በዚንክ የተለበጠ ጋንና ቧንቧም ይቅር፤ ዚንክ ከናፍጣ ጋር ቀስ እያለ ይዋሃድና ፊልትሮ የሚደፍን ዝልግልግ ነገር ያበጃል።

ናፍጣ ሲጠፋ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚደባልቁ አሉ። ይህን በጥብቅ እቃወማለሁ። ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ኖዝሉ በደቃቁ አይረጨውም፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑን ይፍቃል፤ አመዱ ዲስኩ ላይ ይጋገራል። የእሳት ክፍሉ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ያ ሁሉ የሚያርፈው ዳቦው ላይ ነው። ላምባ ብቻውን ማቃጠልም ፓምፑን ያደርቀዋል፤ ፓምፑ የሚለሰልሰው በናፍጣው ቅባት ነው።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

እሳቱ እየነደደ መብራት ከጠፋ ፋኑ ይቆማል፤ የጋለው ክፍል ግን ሙቀቱን ወደ በርነሩ አፍ ይመልሳል። በኖዝሉ ጫፍ የቀረችው ናፍጣ ተቃጥላ ከሰል ትሆናለች፤ ፎቶሴሉና የኤሌክትሮድ ገመዶቹም ይጋያሉ። በርነሩ በማጠፊያ የሚከፈት ከሆነ ዋናውን ማጥፊያ አጥፍታችሁ ከመጋገሪያው አፍ ማራቅ ነው። ካልሆነ የጭስ ማውጫው መዝጊያ ክፍት ይሁን፤ ሙቀቱ ወደላይ ይሂድ። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ መጀመሪያ ላይ ስለሚዋዥቅ ዋናው ማጥፊያ ጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ይቆይ።

ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ እያጉረመረመ አይነሣም፣ ወይም ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ፓምፑም ግፊት አይሞላም፣ አየሩም ያንሳል። ስታብላይዘር ዋጋ አለው። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ሞተሩ እያጉረመረመ የሚቆም፣ በእጅ ሲገፋ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ኮንደንሰሩ (ሞተሩን የሚያስነሣው ካፓሲተር) ሞቷል። የተጻፈበትን ማይክሮፋራድ ሳይለውጡ ቀይሩት። ጀነሬተር የምትጠቀሙ ከሆነ 50 ኸርዝ መሆኑን አረጋግጡ፤ የሞተሩ ፍጥነት በእሱ ነው የሚወሰነው፣ ፍጥነቱ ሲቀየር አየሩም አብሮ ይቀየራል።

ቀይ መብራት ሲበራ

በርነሩ ራሱን ሲዘጋ ቀዩ ቁልፍ ይበራል። ዝም ብሎ ደጋግሞ መጫን እጅግ አደገኛ ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ ያልተቀጣጠለ ናፍጣ እሳት ክፍሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻ ሲያያዝ በሩን ገንጥሎ የሚጥል ፍንዳታ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሞክሩ። ካልተሳካ አጥፉ፣ በመመልከቻው እዩ፣ የተጠራቀመ ናፍጣ ካለ በጨርቅ አድርቁ፣ ክፍሉንም አናፍሱ፤ ከዚያ ምክንያቱን ፈልጉ።

ፍለጋውን ከምታዩትና ከምትሰሙት ጀምሩ። ሞተሩ ዞሮ፣ ብልጭታው ተሰምቶ እሳት ከሌለ ናፍጣ እየደረሰ አይደለም፦ ጋኑ፣ ቫልቩ፣ ፊልትሮው፣ ካፕሊንጉ፣ ከዚያ ናፍጣውን ወደ ኖዝሉ የሚከፍተውና የሚዘጋው የኤሌክትሪክ ቫልቭ። የኤሌክትሪክ ቫልቩን ለመፈተን በሚሠራበት ሰዓት የካቻቪቴ ጫፍ ወደ መጠምጠሚያው አናት አስጠጉ፤ ብረቱን ከሳበ ኤሌክትሪክ ደርሶታል። ናፍጣ ጢስ ሆኖ እየወጣ የማይያያዝ ከሆነ ችግሩ ብልጭታው ጋ ነው። ተያይዞ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ ፎቶሴሉ እሳቱን አላየም፤ መጀመሪያ ጥረጉት። ነቅላችሁ በቴስተር ለኩት፦ በጣት ሲሸፈን የኦም ንባቡ እጅግ ከፍ ሊል፣ ብርሃን ሲያይ ወደ ጥቂት ኪሎኦም ሊወርድ ይገባል። በሁለቱም ካልተለወጠ አልቆለታል።

ሲነሣ ዷ የሚል ከሆነ ናፍጣው ከብልጭታው ቀድሟል ወይም ብልጭታው ዘግይቷል፦ የኤሌክትሮድ ልክ፣ የተሰነጠቀ ሸክላ፣ ያረጀ ኖዝል። ሲጠፋ ነበልባሉ ወዲያው ሳይቆረጥ የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ወይም በኖዝሉ ቧንቧ ውስጥ አየር ታፍኗል።

ጭስ ማውጫውና የእሳት ክፍሉ

ጥቀርሻ ከርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፣ ብረት ይበላል። ስለዚህ ዋናው ጠረጋ ከክረምቱ በፊት በግንቦት ቢሆን እመርጣለሁ። የጭስ ማውጫው ጫፍ ከጣሪያው ቆርቆሮ በላይ ቢያንስ 1 ሜትር ይውጣ፤ ዝናብ የማያስገባ፣ ጭሱን ግን የማያፍን ቆብ ይኑረው። ገደል ወይም ከፍ ያለ ፎቅ አጠገብ ላለ ቤት ነፋሱ ጭሱን መልሶ ወደታች ስለሚገፋው ከዚያም በላይ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጥገና በታኅሣሥ ይሁን፤ ለጥምቀት እንግዳ ሲበዛ መጋገሪያው ዕረፍት አያገኝም።

በጠረጋው ጊዜ የእሳት ክፍሉን ግድግዳ ከመጋገሪያው በኩል በባትሪ መርምሩ። አንዱ ሰው ከእሳቱ በኩል ባትሪ ያብራ፣ ሌላው ዳቦ በሚገባበት በኩል በጨለማ ያይ። ብርሃን የሚሾልክበት ስንጥቅ ካለ ጭሱ ዳቦው ላይ ይደርሳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ወደ ክፍሉ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሌሊት በራቸውን ዘግተው የሚጋግሩ ሠራተኞችን ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ይገድላል። ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት ካማረሩ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፤ አጥፉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ሰዎቹን ወደ ውጭ አውጡ። ስንጥቁ በባለሙያ እስኪበየድ መጋገሪያው አይነሣ፤ በጭቃና በሲሚንቶ የተለሰነ ስንጥቅ ብረቱ ሲሰፋና ሲጠብ መልሶ ይከፈታል።

በበርነሩ ክፍል ውስጥ የደረቅ ኬሚካል (ለምሳሌ የቢካርቦኔት) እሳት ማጥፊያና አንድ ባልዲ አሸዋ በበሩ በኩል ይቀመጥ፤ ከበርነሩ ጀርባ ከተቀመጠ እሳት ሲነሣ አይደረስበትም። የሚነድ ናፍጣ ላይ ውሃ አይደፋም። ከግድግዳው ላይም አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ የኖዝሉ ቁጥር፣ ማዕዘንና ፊደል፣ የተገጠመበት ቀን፣ የፓምፑ ግፊት፣ የአየር በሩ የቆመበት ቁጥር፣ ፊልትሮው የተለወጠበት ቀን፣ በየሳምንቱም ያለቀው የናፍጣ ሊትር። ለተመሳሳይ የዳቦ ቁጥር የሚያልቀው ሊትር ከሳምንት ሳምንት ከፍ እያለ ከሄደ ጭሱ ገና ሳይጠቁር ፋኑን ከፍታችሁ እዩ።